የሰማያዊው መስመር ዘበኛ

ሰኞ፣ 75ኛ ቀን

ቀን የምቆጥረው በችኩሊት ዕድሜ ነው። እህቴ ከወለደቻት ዛሬ ሰባ አምስት ቀኗ። ችኩሊት ያልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ደህና ስም አላት፤ ግን ከቀኗ አምስት ሳምንት ቀድማ ከች ያለች ልጅ ምን ትባል? እህቴ መጀመሪያ ተቆጣች። አሁን ራሷ ስታጠባት «ቀስ በይ አንቺ ችኩል» ስትል ሰምቻታለሁ። አንድ ለዜሮ።

ደብተሩ የስቱዲዮው የቀጠሮ ደብተር ነው። ግማሹ ባዶ ሆኖ ሊጣል ሲል ለምኜ ወሰድኩት።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አሉ ጋሼ።

«ታሪክ ልጽፍበት።»

«ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የደገመ ሰው ታሪክ አይጽፍም፤ ይጻፍበታል እንጂ።»

ጋሼ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ አለቃዬ። በልቤ «ጋሼ አትነቃነቁ» እላቸዋለሁ፤ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የሚሏት ቃል ናት። የኔ ሥራ ከኋላቸው በርጩማ ላይ ቆሞ ሕፃናት ማሳቅ ነው። መሣሪያዬ አንዲት ቢጫ የጎማ ዳክዬ ናት፤ ሆዷን ሲጫኗት «ሲጥ» ትላለች። ሕፃኑ ይስቃል፤ ጋሼ ቀጭ ያደርጋሉ። ጅልነት አያበላም ያሉኝ ሁሉ መጥተው ይዩኝ።

የምኖረው እህቴ ቤት ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ፣ ሁለት ቀን ቤት ነው። ስለዚህ የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ። እህቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ልትስቅ ትችላለች።

ማክሰኞ፣ 76ኛ ቀን

ዛሬ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቤት ድረስ መጣች። ሕፃኗን መዘነች፣ ጡንቻዋን ነካ ነካ አደረገች፣ «ጥሩ ናት» አለች። ቀጥላ መስኮቱን አየችና፦

«ብርዱ ገባ። እስኪያልፍ ጠንቀቅ በሉ። አንተን አፍንጫህን ብቻ የሚያስቸግርህ ቫይረስ የሷ ደረት ውስጥ ይገባል። ቀድማ የተወለደች ናት። የአየር ቧንቧዋ የስክሪብቶ ቀፎ እንኳ አያህልም።»

ስክሪብቶዬን ፈታሁና በቀፎው ተነፈስኩ። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ነርሷ ስድስት ተራ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችን። በቃሏ ደግሞ ሌላ ጨመረች፦ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ስትተነፍስ ከጎድኗ ሥር ገባ ገባ ካለ፣ ጡት እንቢ ካለች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። እህቴ ይህን ሁለቴ አስደገመቻት።

ነርሷ ስትወጣ እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሰው ማስቸገር ትወዳለህ አይደል?»

«እኔ?»

«ከዛሬ ጀምሮ በሩን ያዝ። የሚመጣውን ሁሉ እንደ ልብህ አስቸግር።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

ማታ። ሥራውን ሠርቼዋለሁ። ከስቱዲዮ ሰማያዊ ፕላስተር አመጣሁ፤ ሰዎች ለፎቶ የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ የምናመለክትበት ነው። ሕፃኗ ከምትተኛበት ክፍል ደጃፍ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ለጠፍኩት። ከመስመሩ ወዲህ ሳፋ፣ ሳሙናና ማሰሮ ውኃ። ከበላዩ የጫማ ካርቶን ላይ ሕጉን በትልቁ ጻፍኩ። የነርሷ ቋንቋ ደረቅ ስለሆነ ትንሽ አራስኩት፦

አንድ፦ እጅህን በሳሙና ታጠብ። እስከ ሃያ ጮክ ብለህ ቁጠር። መቁጠር የማትችል ከሆነ የሚቆጥርልህ ይዘህ ና።

ሁለት፦ የሚያስልህ፣ የሚያስነጥስህ፣ አፍንጫህ የሚሮጥ፣ መስመሩ ጋ ቁም። ማየት ከዚያም ይቻላል።

ሦስት፦ መሳም ክልክል ነው። እግሯንም። በዓይን ሳማት።

አራት፦ ያጨሰ ሰው አይገባም። «ውጭ ነው ያጨስኩት» ያለም አይገባም።

አምስት፦ መስኮት ይከፈታል። የበረደው ካፖርት ይልበስ።

ስድስተኛው ረጅም ነው፤ ስለ ዕቃ ምናምን ይላል። ካርቶኑም አለቀ። የቀረችው ባዶ ቦታ ላይ ራሴን ሣልኩ፦ ቆብ ያደረገ፣ ፊሽካ የነከሰ ዘበኛ። በጣም ያምራል። እህቴ አይታ «ሆዱ አንተን አይመስልም» አለች።

ረቡዕ፣ 77ኛ ቀን

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። «ታጥቤ ነው የመጣሁ» ብላ ቀጥ ብላ ወደ መስመሩ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ዛሬ ግን ተዘጋጅቻለሁ።

ስቱዲዮ ውስጥ ለልደት ፎቶ የምንበትነው ወርቅማ ብልጭልጭ ዱቄት አለ። አንድ ቁንጥር በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ይዣለሁ። መዳፌ ላይ ነካ አድርጌ «እንኳን ደህና መጣሽ!» ብዬ ጨበጥኳት። ከዚያ እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። እንደ ንግሥት አበራች።

«ይሄ ታጥቦ ነው?»

«አንተ ሰይጣን!»

«ይሄ እስኪለቅ እሺ። የማይታየው ጀርምም እንደዚሁ ነው የሚለጠፍ።»

እስከ አርባ ቆጠረች። በጥፍሯ ሥር የቀረውን በጥርስ ብሩሽ አስለቀቅኳት። እህቴ ከውስጥ ሆና በሳቅ ፈረሰች። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም። ከጨበጥኩ በኋላ እኔም እታጠባለሁ። ዘበኛ ነኛ።

ዓርብ፣ 79ኛ ቀን

ብርዱ ጠንቷል። ስቱዲዮው ውስጥ የሚያስል እንጂ የሚስቅ ልጅ ጠፋ። ጋሼ «አሳቃቸው እንጂ!» ይሉኛል። ሲስቁ ሳል ይይዛቸዋል። ሲያስሉ ፎቶው ይበላሻል። እንደገና ዳክዬ።

ከሰዓት የእህቴ አማት መጡ። በልቤ «እማማ ልሳማት» እላቸዋለሁ፤ ገና በሩን ሳይዘጉ «እስቲ ልሳማት!» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት በር የጠበቁ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሥዕሉ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ማነው?»

«ዘበኛው ነኝ እማማ።»

«እኔ ሺህ ቀልቃላ ያለፈብኝ በር ነኝ፤ አንተ ትጠብቀኛለህ?»

«ሕግ ነው እማማ።»

«ሕግ ከሆነ እሺ።» እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። እንደ ደወል እየዘገዩ ሃያ ቆጠሩ። አልሳሙም። ከአልጋው ራቅ ብለው ተቀምጠው አየር ላይ «ሙጭ!» አሉ። ሲወጡ «ደህና በር ነው» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ 80ኛ ቀን

ዛሬ የጉድ ቀን። ሠላሳ አራት ልጅ። ቁጭ ማለት የለም፣ ምሳ የለም። ክራባት ያደረጉ መንታዎች መጥተው አንዱ ዳክዬዋን ነጥቆ ጭንቅላቷን አኘከ፤ ስቀበለው ፊቴ ላይ አስነጠሰ። እናቱ «ይቅርታ፣ ትንሽ ጉንፋን ነገር ናት» አለችኝ። ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ዳክዬዋን በሱሪዬ።

አፍንጫዬ እያከከኝ ነው። የመጋረጃው አቧራ ነው።

እህቴ፦ «አፍንጫህ ምን ሆነ?»

«አቧራ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ ካርቶኑን የጻፍኩት?»

እሁድ፣ 81ኛ ቀን

ዛሬ የሆነውን ለማንም አልናገርም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

እህቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠባ አድራ ጠዋት እንቅልፍ ጣላት። ችኩሊት ግን ዓይኗን አፍጥጣ ጣራውን እያየች ነበር። ታጠብኩ። ሃያ ቆጠርኩ፤ አላጭበረበርኩም። ገባሁ። ትናንት ከስቱዲዮ ስወጣ ዳክዬዋ ኪሴ ውስጥ ቀርታ ነበር። አወጣኋት። አንዴ ቀስ ብዬ፦ ሲጥ።

ዞረች። እንደገና፦ ሲጥ። አገጯን በዳክዬዋ ምንቃር ነካ አደረግኋት። ምላሷን አውጥታ ቀመሰቻት። ከዚያ ሳቀች።

የጋዝ ሳቅ አይደለም። እኔ ሥራዬ ነው፤ የሕፃን ሳቅ ከነዓይነቱ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ጥርስ የሌለው፣ ወደ ግራ ያጋደለ፣ ዓይኗ ድረስ የደረሰ።

እህቴን ልቀሰቅሳት እጄን ዘረጋሁ። ተውኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ተደፍታ «ሳቂልኝ እንጂ እማ» እያለች የምትለምነው ይህን ነው። ለጎማ ዳክዬ ሳቀች ልበላት? ዳክዬዋን ኪሴ ከተትኳት። ሌላ ጊዜ ለእሷ ትስቅላታለች፤ የመጀመሪያ ነው ትላለች፤ ማንም አይጎዳም።

ከሰዓት እማማ ልሳማት መጡ። በብልጭልጩ ጨበጥኳቸው። ሳቁ፣ ታጠቡ። እኔው ራሴ ቆጠርኩላቸው፣ እጃቸውንም ብርሃን ላይ አየሁት፤ አንዲት ፍንጣሪ አልነበረችም። ከዚያ ሕፃኗን አቅፈው ቆዩ።

ማታ እህቴ ልብስ ስትቀይርላት ጮኸች። «ይሄ ምንድን ነው?» አገጯ ላይ አንዲት ወርቅማ ፍንጣሪ። አንገትጌዋ ላይ ሌላ።

«ሴትዮዋ አልታጠቡም ማለት ነው። ስመዋታልም። አገጯን!»

«ኧረ ታጥበዋል...» አልኩ። ድምፄ ጎርንኗል፤ አቧራው ነው።

«አንተ ደግሞ ለሁሉም ትራራለህ» አለችኝ።

ኪሴ ውስጥ የብልጭልጩ መጠቅለያ ተቀድዷል። ዳክዬዋ መላ አካሏ ወርቅ ለብሷል። ጠረግኳት።

ማክሰኞ፣ 83ኛ ቀን

ሥራ ብዙ። አቧራው ወደ ጉሮሮዬ ወርዷል። ክፍሉ አልገባም፤ ለእህቴ ግን ሥራ በዛ አልኳት።

ሐሙስ፣ 85ኛ ቀን

ችኩሊት አስነጠሰች። አንዴ። እህቴ ቀና አለች። እኔም። አንድ ማስነጠስ ምንም አይደለም፤ ሕፃን ያስነጥሳል።

ዓርብ፣ 86ኛ ቀን

ሳል። ትንሽ። እንደ ድመት።

ጡት ስትይዝ ትተዋለች፣ ትይዛለች፣ ትተዋለች። አፍንጫዋ ታፍኗል። እህቴ «እማማ ናቸው» ትላለች። ማሰሮውን ውኃ ልሞላ ተነሣሁ። «እማማ ናቸው እያልኩህ ነው!» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኩ።

ቅዳሜ፣ 87ኛ ቀን

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ከጎድኗ ሥር ገባ፣ ገባ። እህቴ ልብሱን ገልጣ አሳየችኝ። ቆዳዋ በየትንፋሹ እንደሚሸበሸብ ወረቀት። ከዚያ በላይ አላየንም። ወጣን።

ሆስፒታል ሳንቲም የምታህል፣ የኦክስጅኗን መጠን በቁጥር የምታሳይ ነገር ጣቷ ላይ አሰሩላት። ቁጥሩን አይቼ አልገባኝም፤ የነርሶቹን ፊት አይቼ ገባኝ። አፍንጫዋ ሥር ቀጭን ቱቦ። ኦክስጅን።

ለስቱዲዮ ደወልኩ። ጋሼ «ቅዳሜ ነው እኮ!» አሉ። ከዚያ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። «አትነቃነቅ፣ እዚያው ሁን» አሉኝ።

እሁድ፣ 88ኛ ቀን

ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ ያውም በየተራ። እኔ ጭምብል አድርጌ አሥር ደቂቃ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ አስራለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እርሳሷን ሳልሰርቃት አልቀርም ነበር።

«በዚህ ብርድ የሚዞረው የተለመደ ቫይረስ ነው» አለችን። «ለትልቅ ሰው ጉንፋን ነው። ለሷ ግን ትናንሽ የአየር ቧንቧዎቿ አብጠው ንፍጥ ሞልቷቸዋል። የሚገድለው መድኃኒት የለም። ኦክስጅን፣ በቱቦ ምግብ፣ ጊዜ። አብዛኞቹ ይወጡታል። ነገና ከነገ ወዲያ ግን ሊብስባት ይችላል።»

እህቴ፦ «ከማን ያዛት?»

«እሱን ማወቅ ከባድ ነው። ከሳል፣ ከእጅ፣ ከመሳም። ቫይረሱ ጠንካራ ዕቃ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። አሻንጉሊት፣ የበር እጀታ...»

«ጎማስ?» አልኩ።

ዶክተሯ አየችኝ። «ጎማም።»

እህቴ አልሰማችም። ስልኳን አውጥታ ከኮሪደሩ ጫፍ ባሏን እያናገረች ነበር። «እናትህ ናቸው። በዓይኔ አይቻለሁ። አገጯ ላይ! ልጄ እስክትድን፣ ከዳነችም በኋላ፣ እንዳያዩዋት። ንገራቸው።»

ማታ ቤት ብቻዬን ገባሁ። የስክሪብቶዬን ቀፎ አወጣሁና አፍንጫዬን ይዤ በሱ ብቻ ተነፈስኩ። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከሠላሳ በላይ አልቻልኩም። ቀፎውን መልሼ ገጠምኩት፤ በሱው ነው አሁን የምጽፈው።

ሰኞ፣ 89ኛ ቀን

ባሰባት። ኦክስጅኑን ጨመሩት። ሾፌሩ ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ አይደርስም።

ከሆስፒታሉ በር ውጭ አግዳሚው ላይ እማማ ልሳማት ተቀምጠዋል። አይገቡም። የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ አለ። ሲያዩኝ ተነሡ።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ።

«አትዋሸኝ።»

«ብሷታል።»

ተቀመጡ። ብርድ ልብሱን ሰጡኝ። «ታጥቧል፣ ተተኩሷል በላት። የኔ ነው ግን አትበላት።»

ወሰድኩላት። የጎረቤታችን ነው አልኳት። ያንን ያህል ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ አንድ ቢጨመር ምን አለው።

ረቡዕ፣ 91ኛ ቀን

አልባሰም። አልተሻለም። ዶክተሯ «ይሄ ራሱ ጥሩ ነው» አለች።

ስቱዲዮ ግማሽ ቀን ገባሁ። ዳክዬዋን በፈላ ውኃና በሳሙና ሃያ ቆጥሬ አጠብኩ። እንደገና አጠብኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ አጠብኳት። ጋሼ፦

«ዳክዬዋን ልትድራት ነው እንዴ?»

አንድ የሚያስል ልጅ መጣ፤ «ጋሼ፣ ይሄን ልጅ ሳይሻለው አናንሳው» አልኩ። እናቲቱ አኮረፈች። ጋሼ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን አዩና ዘጉት። «እሺ፣ ሲሻለው ይምጣ» አሏት።

እማማ ዛሬም አግዳሚው ላይ። ሦስተኛ ቀናቸው። አንድ የሆስፒታል ጥበቃ ሲጠይቃቸው ሰማሁ፦ «እማማ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» «በሩን ነው» አሉት።

ዓርብ፣ 93ኛ ቀን

ጠዋት የኦክስጅኗ ቁጥር ከፍ አለ። ከሰዓት ቱቦውን ከአፍንጫዋ አነሱት። ማታ ጠባች። ሙሉ አሥር ደቂቃ።

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሾፌሩ አጠገቧ። እኔ ሄጄ ሽንት ቤት ፊቴን ታጠብኩ። ሃያ ቆጠርኩ፤ ከልማድ።

ቅዳሜ፣ 94ኛ ቀን

ቤት ገባን። ሳሉ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል ብለውናል። ሰማያዊው መስመር ጫፉ ተልጦ ነበር፤ እንደገና ለጠፍኩት። ዘበኛው ካርቶኑ ላይ እንደ ድሮው ፊሽካውን ነክሶ ይስቃል። እኔን ነው የሚያየው። ሥዕል ሁሉ ሰው ያያል፤ ጋሼ ነግረውኛል፣ የዓይን አቀማመጥ ነው።

ሰኞ፣ 96ኛ ቀን

«ና! ና! ቶሎ!» እህቴ ከውስጥ። በሩ ጋ ቆምኩ።

«ሳቀች! ለኔ! የመጀመሪያዋ ናት!» እያለቀሰች ነው። «ዘጠና ስድስተኛ ቀን ብለህ ጻፍልኝ፤ አንተ እኮ ቀን ትቆጥራለህ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ እቴ» አልኩ። «እውነት? የመጀመሪያዋ? ጉድ ነው!» ብዬ እጄን አጨበጨብኩ። ሰው ማሳቅ ሥራዬ ነው፤ የተደነቀ መስሎ መታየትም አያቅተኝም።

ጻፍኩላት። ዘጠና ስድስት።

ሐሙስ፣ 99ኛ ቀን

ሾፌሩ ነገ ጠዋት ይወጣል። ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ከእህቴ ጋር በቀስታ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እናቴ አንዴ ብቻ ትያት። ከመስመሩ ሆና።»

«ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር።»

«ታጥቤያለሁ ትላለች። እናቴ አትዋሽም።»

«ታዲያ ብልጭልጩ ከሰማይ ወረደ?»

እኔ ግድግዳውን በወዲያ በኩል ተደግፌ ነበር። መልሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጥፍሬን በላሁ።

ብነግራቸው ምን ይሉኛል? ሌላ ቀልድ ነው ይላሉ። ምነው ቢሉ!

ዓርብ፣ 100ኛ ቀን

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሾፌሩ ሊወጣ ሲል እናቱን ይዟቸው መጣ። እህቴ ሕፃኗን አቅፋ ከውስጥ ቆመች፤ ግቡም ውጡም አላለችም። እማማ ከሰማያዊው መስመር አንድ እርምጃ ርቀው ቆሙ። መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩአት፤ ባዶ፣ ንጹሕ። ሠላሳ ዓመት በር ላይ የቆመ ሰው ሲፈተሽ ሳይ ዓይኔ ሌላ ቦታ ፈለገ። ከካርቶኑ ዘበኛ ጋር ተገጣጠምኩ።

«እማማ አይደሉም» አልኩ።

«አንተ በዚህ አትግባ» አለች እህቴ።

«ታጥበዋል። እኔ ነኝ የቆጠርኩላቸው። ሃያ። እጃቸውን ብርሃን ላይ አይቼዋለሁ። አልሳሙም። ያን ቀን ጠዋት አንቺ ስትተኚ የስቱዲዮውን ዳክዬ አስገብቼ አገጯን ነካኋት። ጉንፋንም ነበረብኝ። አቧራ አልነበረም።»

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ አየኝ። እህቴ ፈገግ አለች፤ የሚያሳዝን ፈገግታ ነበር። «ለማስታረቅ ብለህ ነው? ደግ ነህ። ግን አሁን የቀልድ ጊዜ አይደለም።»

አላመነችኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳሳምን የኖርኩት ውሸት ነው፤ እውነት ስናገር ምን ዓይነት ፊት እንደማደርግ ራሴም አላውቅም።

ዳክዬዋን ከኪሴ አወጣኋት። በሳፋው ውኃ ላይ ይዤ ሆዷን አጥብቄ ጨመቅኳት። ሲጥ። ውስጧ የቀረው ከሥሯ ባለችው ቀዳዳ ወጣ፤ ስንቴ ያጠብኳት ከውጭ ብቻ ነው። ወርቅማው ብልጭልጭ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ።

ችኩሊት ድምፁን አወቀችው። ከእናቷ ትከሻ ላይ አንገቷን አዙራ ዳክዬዋን አየችና ሳቀች። ወደ ግራ ያጋደለችው ሳቅ።

እህቴ የልጇን ፊት አየች። ዳክዬዋን አየች። እኔን አየች።

«በስንተኛው ቀን ነው የሳቀችልህ?»

ዳክዬዋን ወደ ኪሴ ልመልስ አልኩ።

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ። በስንተኛው?»

«ሰማንያ አንድ።»

«የመጀመሪያ ሳቋንም ወስደህብኛል» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ ይግቡ» አለችና ፊቷን በሕፃኗ ብርድ ልብስ ውስጥ ቀበረች። እማማ መጀመሪያ ታጠቡ። ሃያ ቆጠሩ። ከዚያ ገብተው ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፏቸው። ብርድ ልብሱን፣ ያንን የራሳቸውን፣ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

እኔ ከመስመሩ ወዲህ ቀረሁ። ሾፌሩ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ፤ መምታት ይሁን ማጽናናት አልለየሁም።

ከሰዓት እማማ ሳፋውን ሊደፉ ወጡ። ደጃፉ ላይ አገኙኝ።

«አውቀው ነበር?» አልኳቸው።

«በር የጠበቀ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኪስ ነው። ያን ቀን ኪስህ አብጦ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሰደቡ እኮ።»

ውኃውን ደፉ። ብልጭልጩ ሲሚንቶው ላይ ቀረ። «አጥር ሲዘል የያዝኩት ልጅ ሁሉ ይምልልኝ ነበር፤ እኔ አይደለሁም እያለ። ራሱ ተመልሶ መጥቶ ያንኳኳ ግን በሠላሳ ዓመት ሦስት ልጅ ነው።» ሳፋውን አስያዙኝ። «አራት በለው። ያውም ዘግይተሃል። ልጅቱ ብትሞት ኖሮ ብታንኳኳም አልከፍትልህም ነበር።»

ይህን ሲሉኝ ድምፃቸው አልተለወጠም።

ቅዳሜ፣ 101ኛ ቀን

እህቴ አታናግረኝም። በእማማ በኩል ነው የምትልክብኝ። «ያ ሰውዬ ውኃ ያምጣ በሉት።» አመጣሁ። ሰውዬ መባሌ ሹመት ነው፤ ግን አላልኩም።

የሹመቱን ነገር ካነሣን፣ የበሩ ዘበኛ አሁን እማማ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ መጥታ «ብልጭልጩ የለም?» ስትል «እኔ ዓይን አለኝ» አሏት።

ነጭ ወረቀት ቆርጬ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዘበኛ ከቆቡ እስከ ፊሽካው ሸፈንኩት። የነርሷን ወረቀት አውጥቼ ስድስተኛውን ተራ ገለበጥኩ፤ ምንም አላራስኩትም፦

ስድስት፦ ሕፃኗ አጠገብ የሚገባ፣ የምትነካው፣ ወደ አፏ የምታደርሰው ዕቃ ሁሉ በሳሙና ይታጠባል።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እርሳሱን ተቀብለውኝ በራሳቸው ጽሑፍ ከሥሩ ጨመሩ፦ ኪስ ይፈተሻል።

ኪሶቼን ገልብጬ አሳየሁ። ስክሪብቶ ብቻ ነው። ሳፋው ላይ አጎነበስኩ። ሳሙና። እጅጌ እስከ ክርን። ጮክ ብዬ ሃያ ቆጠርኩ። ከውስጥ እህቴ እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ ሕፃኗን የምትደባብስበት እጇ መሐል ላይ ቆም ብሏል።

«ልግባ?»

እማማ ወደ ውስጥ አዩ። ከውስጥ መልስ አልመጣም። እምቢም አልመጣም።

«ድገም» አሉኝ።

ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የደገምኩ ሰው ነኝ። እጅጌዬን እንደገና ሰበሰብኩና ከአንድ ጀመርኩ።